የእህቴ ወዝ

እህቴን ያየ ሁሉ «ማሻአላህ» ሳይል አያልፍም ነበር። ፊቷ ያበራል። ማድያት የለበትም፣ መስመር የለበትም፣ ብጉር እንኳ ደፍሮ አይወጣበትም። እናታችን ሾላ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ትሸጣለች። ቅዳሜ እህቴ አጠገቧ ስትቀመጥ ገዢው ከወትሮው ይበዛል፤ ሴቶቹ ኮረሪማውን እያሸተቱ ዓይናቸውን ከእሷ ፊት ላይ አይነቅሉም። «ምን ተቀብታ ነው?» ሲሏት እናቴ ደረቷን ነፍታ «የወሎ ልጅ ናት፣ ወዟ ከአጥንቷ ነው» ትላለች። እኔ ከኋላ ዘንቢል እጠብቃለሁ። አልቀናሁም ብል ውሸቴን ነው። ግን ከቅናቱ በላይ ፍርሃት ነበረብኝ። ሰው ሲያለቅስ ፊቱ ይጨማደዳል፤ እህቴ ስታለቅስ እንባው በዚያ ለስላሳ ፊት ላይ ይወርዳል እንጂ ፊቷ አይንቀሳቀስም። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከወሎ ሰፈር ጀርባ፣ ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ በሚደርስበት ቦታ ነበር የምንኖረው። አብዮቱ ገና ትኩስ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እኛ ልጆቹ የማናውቀው አንድ ነገር ነበረው፤ በጎልማሳነቱ የሥጋ ደዌ ይዞት፣ ሰው የማያውቀው ከተማ መጥቶ፣ በድብቅ እየታከመ ድኗል። ከወሎ የወጣንበትን ምክንያት ስንጠይቅ «እንጀራ ፍለጋ» ይለን ነበር።

አንድ ቀን እኔንና እህቴን «ክትባት አለባችሁ» ብሎ ከተማውን አቋርጦ ወደ ማዶ፣ ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰደን። እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ እህቴ ጡት ማጎጥጎጥ ጀምራለች። ድምፅዋ ቀጭን የሆነ ሐኪም የሁለታችንንም ክንድ በአልኮል ጠርጋ፣ ከቆዳችን ሥር አንዳንድ ጠብታ ወጋችን። ጠብታው ውስጥ የነበረው የበሽታው ጀርም ነው፤ የሞተ። ሰውነታችን ያውቀው እንደሆነ ለማየት ነበር። ሐኪሟ ለአባቴ «ከወር በኋላ መልሰው ያምጧቸው፤ እስከዚያ ክንዳቸው ላይ የሚሆነውን አይንኩ» አለችው። አባቴ ለእናቴ እንዲሁ ነግሯት ወደ አሰብ ወረደ።

ከዚያ ቤታችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ክንድ ማየት ጀመረ። እናቴ ከሱብሒ ሶላት እንደተነሳች በመስኮቱ ብርሃን የሁለታችንንም ክንድ ገልጣ በጣቷ ትዳብሳለች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሳምንታት ሲያልፉ የእኔ ላይ አንድ ነገር ከውስጥ መነሳት ጀመረ። ቀላ፣ ጠጠረ፣ ሽምብራ አከለ። ማታ ስተኛ ይሞቀኛል፤ አንድ ሰው ከቆዳዬ ሥር ሆኖ በጥፍሩ የሚገፋ ይመስለኝ ነበር። የእህቴ ክንድ ግን ትናንት እንደነበረው ነው። መርፌው የገባበት ነጥብ እንኳ ጠፍቷል።

እናቴ ያየችውን አየች፣ የምታውቀውን አወቀች። በእሷ ዓይን ያበጠችው በሽተኛ፣ ያላበጠችው ጤነኛ ነበርን። የእኔን ክንድ በነጠላ ቅዳጅ ጠቅልላ፣ ብርጭቆዬን ለይታ፣ ጓዳ አስገባችኝ። ጎረቤት ሲመጣ ድምፄን እንዳላሰማ ታስጠነቅቀኛለች። አልጠላችኝም፤ ስታጎርሰኝ ታለቅስ ነበር። ግን ታላቋን ለመዳር ታናሿን መደበቅ ነበረባት፤ ያ በሽታ በዘር ነው ተብሎ ይታመናል፣ አንዷ ላይ ከታየ ሁለቱም ቤት ይቀራሉ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ለአሰሳ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ገብተው አልጋ ገለበጡ፣ ጆንያ ወጉ፣ የጓዳውን መጋረጃ ሲገልጡ እኔን አገኙ። ሰው መደበቅ በዚያ ዘመን በጥይት የሚያስጠይቅ ነገር ነበር። «ማናት ይቺ? ለምን ደበቃችኋት?» አለ አንደኛው። እናቴ ቅዳጁን ፈታ ክንዴን አሳየችው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። የሚያውቀው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ «ሸፍኛት፣ ሸፍኛት» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጣሪያውን እንኳ ሳያዩ ሄዱ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ አልነበራትም። ባለጠመንጃ የሸሸው ነገር እንዴት ደግ ይሆናል?

ወሩ ሲሞላ ሆስፒታል የወሰደችው እህቴን ብቻ ነው። ሐኪሟ «ሌላዋስ?» ብትላት «አገር ቤት ሄዳለች» አለች። ሐኪሟ የእህቴን ክንድ ብርሃን ላይ አዙራ አዙራ አየችው። ከዚያ «ይህ በሽታ አለባት ማለት አይደለም፤ ግን ጀርሙ ቢገባባት ሰውነቷ ጠላት መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ቢያብጥላት ደስ ይለኝ ነበር። በየስድስት ወሩ ያምጡልኝ፣ አደራ» አለቻት። እናቴ ሰማች፤ አላመነችም። ለአባቴ ስትነግረው «ያበጠው ጤና፣ ያላበጠው በሽታ! የት አገር ተሰምቶ!» አለች። አባቴም ማመን የፈለገው ይህንኑ ነበር። ሐኪሟ ጋ የተመለሰ የለም። የእኔ እብጠት ፈርጦ፣ ደርቆ፣ ጠባሳውን ትቶ ሄደ፤ እኔም ከጓዳ ወጣሁ።

እህቴ አደገች፣ ስፌት ተምራ ልብስ ሰፊ ሆነች፣ ወዟም እየጨመረ ሄደ። ሌላም ነገር ነበር፣ ግን ሁሉም ምክንያት ተገኘለት። ቅንድቧ ከዳር ሳሳ፤ ቀጭን ቅንድብ ፋሽን ነው ተባለ፣ በኩል ትስለዋለች። የጆሮዋ ሥጋ ወፍሮ ጉትቻ አልገባ አላት፤ ወርቁ ሐሰተኛ ነው ተባለ። መርፌ ጣቷን ሲወጋት ከጣቷ ደም እያየች ትደነቃለች፤ ጎበዝ ሰፊ ናት ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ስለ ገላዋ የመጨረሻ ሰሚዋ ራሷ ሆነች።

ያገባት ዘንድ ሽማግሌ የላከው ልጅ ቦሌ ኤርፖርት ዕቃ ከሚጭኑት አንዱ ነበር። ዝምተኛ፣ መልካም ልጅ ነው፤ እህቴ ስሙ ሲነሳ ስፌቷን ታቆማለች። እናቱ ሙሽራዋን ልታይ መጥታ ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ «ሐር ነው እኮ!» አለች። ሠርጉ ሊደርስ ሲል እንደ ወሎ ሴት ወግ ወይባ ልትሞቅ ሆነ። የጓዳው ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ የወይባ እንጨት ይጤሳል፤ ሙሽራዋ ገላዋን ገልጣ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ራሷን ብቻ አውጥታ ጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ጢሱ ቆዳን ያወዛል፣ ያቀላል። ጎረቤት ሴቶች ዙሪያዋን ተኮልኩለው እያሾፉባት ነበር።

እህቴ ስለ አንዲት የሾላ ደንበኛችን ወሬ ጀምራ ሁላችንንም እያሳቀችን ነበር። ከሳቁ መሐል አንድ ሽታ መጣ። የእንጨቱ አልነበረም፤ በግ ሲለበለብ የሚሸት ዓይነት ነው። ሴቶቹ «ሽሮው አረረ» ብለው ተያዩ። ምድጃው ላይ ግን ምንም አልነበረም። ብርድ ልብሱን ከሥር ገለጥኩት። የእህቴ ባት ፍሙ ላይ ተጋድሟል። ቆዳው ነጥቶ ተልጧል፣ ጭሱ የሚነሳው ከእሷ ነው። እሷ አሁንም ወሬዋን አልጨረሰችም።

«እግርሽ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆነ?» አለች እየሳቀች። ጎንበስ ብላ አየችው። የሌላ ሰው እግር የምታይ ትመስል ነበር። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

አባቴ ጩኸቴን ሰምቶ ከግቢ ገባ። ሴቶች ወይባ የሚሞቁበት ቤት ወንድ አይገባም፤ እሱ ገባ። እግሯን አየ፣ ጎረቤቶቹን «እባካችሁ እኅቶቼ ውጡልኝ» አለ። ከመጥረጊያው አንድ ስንደዶ መዘዘና አጠገቧ ተንበረከከ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። በስንደዶው ጫፍ ቁርጭምጭሚቷን ጫን አድርጎ ወጋ። «ነካሁሽ?»

«አልነኩኝም።»

ባቷን። «አሁንስ?»

«ኧረ ገና ነዎት፣ አባዬ።»

ክንዷን ወጋ፤ ስንደዶው ተሰበረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና መነካቷን ትጠብቃለች። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ተረት ሰው እንደ ተረት ነው የሚሰማው፤ እኔ ያን ቀን በአፍንጫዬ ሸተተኝ። የራሱንም ታሪክ የነገረን እዚያው፣ ጢሱ መሐል ተቀምጦ ነው።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ያችው ናት፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ከእህቴ የጆሮ ሥጋና ከጀርባዋ ትንሽ ቆዳ ወሰደች። ውጤቱ የደረሰ ዕለት እህቴን አልጋ ላይ አስቀምጣ፣ እኔን «ነይ፣ አንቺም እይ» ብላ አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎነበሰችኝ። መጀመሪያ ያየሁት ሰማያዊ ጭጋግ ነው። ዓይኔ ሲለምድ ትልልቅ ክብ ነገሮች ታዩኝ፤ እንደ ሳሙና አረፋ ያበጡ፣ ውስጣቸው ጭራሮ በመሰሉ ቀያይ ነገሮች የታጨቀ። ክብሪት በቀፎው ውስጥ እንዲህ ነው የሚደረደር። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ የቆሰለ ነገር የለም። ሰላም ነው።

«ትልልቆቹ የእህትሽ ናቸው» አለች ሐኪሟ። «የሰውነት ዘበኞች በያቸው። ባዕድ ነገር ሲያዩ ይውጣሉ። መዋጡን ውጠዋል። መግደል ግን ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ትእዛዙን የሚያመጡት ሌሎች ትንንሽ የደም ሕዋሳት ናቸው። ትንንሾቹ ጠላትን አውቀው፣ ተሰብስበው፣ ‹ግደል› ይላሉ።» ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሩን አየች፤ ዘመኑ ነው። «በእህትሽ ቆዳ ውስጥ ትንንሾቹ አልመጡም። ትልልቆቹ ጀርሙን ቤተኛ አድርገውታል። ዘበኛው የዋጠው ጀርም ሆዱ ውስጥ ይበላል፣ ይዋለዳል፤ ዘበኛው እየወፈረ ቆዳውን ከውስጥ ይሞላዋል፣ ይወጥረዋል።»

«እኔስ?» አልኳት፣ ክንዴን ገልጬ። ታሪኩን ነገርኳት።

ጠባሳዬን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «አንቺ ጋ ትንንሾቹ መጥተው ነበር። የሞተውን ጀርም እንኳ ከበው፣ ትልልቆቹን ትከሻ ለትከሻ አቁመው ግንብ ሠሩበት። ያበጠው ግንቡ ነው። እንዳንቺ ያለውም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዳንዱ ሰው ጋ ጀርሙን ሲያሳድዱ ነርቩንም አብረው ይፈጁታል።» እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው።

እህቴ ከአልጋው ላይ ሆና የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀች። «ወዙስ፣ ዶክተር?»

«ወዙ እነሱ ናቸው፣ እኅቴ» አለች ሐኪሟ።

ከዚያ በኋላ የነገረችን ሁሉ ግልጽ ነበር። የክርኗ ነርቭ ወፍሯል፤ ጣቶቿ ግን ገና ይታዘዛሉ። ዛሬ ከጀመረች ይተርፋሉ፤ ከቆየች ተራ በተራ ይታጠፋሉ፣ አይመለሱም። አዲስ መድኃኒት መጥቷል፣ ጀርሙን ይገድልላታል፤ ጥቂት እንደወሰደች ለማንም አታስተላልፍም፣ ማግባትም ትችላለች። ሆኖም ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቆዳን ያጠቁራል። ጀርሙ ሲያልቅ ደግሞ ተወጥሮ የኖረው ፊት ይረግባል። «ምን እመስላለሁ ታዲያ?» ብትላት ሐኪሟ «ከመታመምሽ በፊት ያየሁሽ በልጅነትሽ ብቻ ነው» አለቻት።

በጠራራው ፀሐይ፣ ቤት እንደደረስን ነው ክርክሩ የተነሳው። መድኃኒቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እናቴ «ሠርጉ ይለፍ። ትንሽ ቀን ነው የቀረው። ትንሽ ቀን ምን ያመጣል? ጠቁራ ሙሽራ ትሁን? የሰው አፍ ትግባ?» እያለች ትለማመጣለች። የእህቴ ዓይን ቁም ሣጥኑ ላይ የተሰቀለው የሙሽራ ልብስ ላይ ነው፣ ራሷ የሰፋችው። ያን ልጅ ትወደዋለች። እንድትጠብቅ ፈልጌ እንደሁ እንድትውጥ፣ እኔም በዚያች ሰዓት ልቤን አላውቀውም ነበር።

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። አባቴ ቤት ውስጥ ካልሲ የማያወልቅ፣ ውዱእ እንኳ በር ዘግቶ የሚያደርግ ሰው ነው። ካልሲውን ገፈፈው። የቀኝ እግሩ ጣት የለውም፤ ተረከዙ ላይ ያለቀ ይመስላል።

«እኔም ‹ሠርጌ ይለፍ› ብዬ ነው» አለ። እናቴን አላያትም። «ሠርጉ ሲያልፍ ‹ልጅ ይወለድ› አልኩ።»

እናቴ ያን እግር ዘመኗን ሁሉ አጥባዋለች። ሕክምናውን ያዘገየበት ምክንያት እሷ መሆኗን የሰማችው ግን ያኔ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እህቴ እግሩን ረዥም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ሁለቱን እጆቿን አንስታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው። «ውኃ ስጡኝ» አለች።

ለሙሽራው ቤት «ወሎ ሐዘን ገጥሞናል» ተብሎ ተላከ። የድርቁ ዓመት ነበር፤ ወሎ ሐዘን አለ ሲባል ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀኑ ተላለፈ። አዲሱ ቀን ሳይቆረጥ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፣ ወደ ሰሜን። እህቴ አላለቀሰችም። «ሲመጣ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ደግሞ ፊቴ ይመለስ ይሆናል» አለችኝ።

ፊቷ ወደየት እንደሚመለስ ግን ማናችንም አላወቅንም። ሽንቷ ቀላ፤ እናቴ ደም መስሏት ጮኸች፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ተባለ። ቆዳዋ እንደ ጠላ ጠቆረ። ከዚያ ያ ለስላሳ ፊት መርገብ ጀመረ፤ ጉንጯ ወረደ፣ ግንባሯ ላይ ጥቃቅን መስመር ተሰነጠቀ፣ ቅንድቧ አልተመለሰም። ጠዋት ጠዋት ከአንዲት የማላውቃት ሴት ጋር ነበር የምነሳው። ድምፅዋ የእህቴ ነው፣ ቀልዷ የእህቴ ነው፤ ከኋላዬ ሆና ስትናገረኝ እረጋጋና ዞሬ ሳያት ልቤ ይደነግጣል። ስታለቅስ ፊቷ መጨማደድ ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ ግን በየወሩ ጣቶቿን እያስጨበጠቻት ደስ ይላታል። ሾላ ገበያ ላይ «ያቺ ቆንጆዋ ልጅሽ የት ሄደች?» ሲሏት፣ እናቴ እህቴን አጠገቧ አስቀምጣ «አለች» ትላለች።

ልጁ የመጣው መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ የከፈተችው እህቴ ናት። በመጋረጃው ክፍተት አየሁት፤ ከስቷል፣ የወታደር ጫማ ተጫምቷል፣ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። እህቴን ፊት ለፊት አያት። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» አላት። «ልጅቷ አለች?»

የእህቴ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየኝ። የበሩ መቃን ላይ ያረፈው እጇ አልተንቀሳቀሰም።

«የለችም» አለች፣ ሹክ በሚል ድምፅ።

«ደኅና ናት ግን?»

«ታማ ነበር።»

«አላህ! ምን ሆና?»

«ድናለች» አለችው።

ልጁ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ከልቡ ነው ያለው። በጋዜጣ የጠቀለለውን በሁለት እጁ ሰጣት፣ «ስትመጣ ስጡልኝ፤ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ መንገዱ ሄደ። እኔ መጋረጃውን ጥሼ ወጣሁ። ልጠራው ነበር፤ እሷ ናት፣ ያቺው ናት፣ ዓይንህ የት ነው ብዬ ልጮህበት ነበር። እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። አምስቱም ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ አጥብቆ የያዘኝ ሰው የለም።